ጤነኛ ቁጥር አራት

ዓርብ፣ ኮሚቴው 42 ቀን ቀረው

ፕሮፌሰሩ ዛሬ በር ላይ እንደቆሙ ነገሩኝ። መቀመጥ እንኳ አላስፈለጋቸውም። «ከስድስት ሳምንት በኋላ ዓርብ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ጤነኛውን ከታመመው የሚለይ ነገር ካላሳየሽ ክፍሉን ለሌላ ሥራ እንፈልገዋለን» አሉ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች በሜትር የበሩን ስፋት ይለኩ ነበር፤ ትልቅ ማሽን ሊያስገቡበት። ገና ሳይፈረድብኝ በሬን ይለኩታል!

ደብተሩ የራሴ ነው፤ እንደፈለግኩ ልጻፍበት። ሥራዬ የውሻ ሐሞት ከረጢት ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። አንድ በሽታ አለ፤ ከረጢቱ ቀጭኑን ሐሞት መያዙን ትቶ እንደ ሙጫ የረጋ ነገር ይሞላና ይወጠራል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል። እስኪብስበት ድረስ ውሻው ምንም አይመስልም። ለምን እንደሚጀምር በደንብ የሚያውቅ የለም። እኛ ከከረጢቱ ጥቂት ሕዋሳት እንወስድና በጄል ጠብታ ውስጥ እናሳድጋቸዋለን። በሁለት በሦስት ሳምንት ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ትንንሽ ከረጢቶች ይሆናሉ። ኦርጋኖይድ ይባላሉ። ከአምስት የታመሙና ከአራት ጤነኛ ውሾች ያሳደግናቸው አሉን።

ፈተናው ቀላል ነው። አንድ መድኃኒት ጠብ እናደርግባቸዋለን። ጤነኞቹ ቀጭን ፈሳሽ አመንጭተው መነፋት አለባቸው፤ የታመሙት ሙጫቸውን ይዘው ባሉበት መቅረት አለባቸው። ይህን ካሳየሁ ነገ ከነገ ወዲያ አዲስ መድኃኒት ሲመጣ በሰው ውሻ ላይ ሳይሆን በእነዚህ ላይ ይሞከራል።

አሳያቸዋለሁ። በሩን የለኩትም ሜትራቸውን ይጠቀልላሉ።

እሑድ፣ 40

ቤት። አባዬ የምግብ ጠረጴዛውን ዛሬም ወርሶታል። ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የሰፈሩ ሰዓት ግን አልወጣም፣ የቆመበት ሁሉ ይዞለት ይመጣል። አጉሊ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ የአንዱን ሰዓት ጥርስ ጥርስ ይነካካል። ሻለቃ እግሩ ሥር ተኝቷል። ሻለቃ ውሻችን ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ አጭር፣ ጢማም። ስሙን ያወጣችለት እማዬ ናት፤ በዚህ ቤት የሚያዘው እሱ ብቻ ነው እያለች። እሷ ካረፈች ወዲህ አባዬ የሚያወራው ከእሱ ጋር ነው። ከእኔ ጋር የሚያወራው ደግሞ ስለ እሱ።

ለራሴ ላስታውስ፦ በሥራ ቦታ «ጤነኛ 4» የምንለው ሻለቃ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ጤነኞች በመኪና አደጋ የሞቱ ውሾች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ፈቅደው ሰጡን። አራተኛ ግን ጠፋ። ከሁለት ወር በፊት ሻለቃ ጥርሱን ሊነቀል ከታች ያለው ክሊኒክ ሲተኛ፣ በአልትራሳውንድ እያየሁ በቀጭን መርፌ ትንሽ ሐሞት ቀዳሁለት። በውስጡ የሚንሳፈፉት ሕዋሳት ይበቁናል። ከሥሩ ትንሽ ዝቃጭ ታየኝ፤ በዚህ ዕድሜ የማይኖረው የለም። ቅጹን ራሴ ሞላሁ። የባለቤት ፊርማ፦ እኔ። ባለቤቱ የሚያስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ፦ የለም። አንድ ቤት ነን፤ ምን ልዩነት አለው? ለአባዬ ስለ ጥርሱ ብቻ ነው የነገርኩት። መርፌ ሲባል ይጨነቃል።

ረቡዕ፣ 37

ቀኑን ሙሉ ኦርጋኖይዶቹን ማብላት። ዘጠኝ ውሻ፣ ስንት ሳህን! ጄሉ ከበረዶው ላይ ለአፍታ ከተነሳ እጅ ላይ ይረጋል። ዛሬ አንድ ብልቃጥ ሙሉ አረጋሁ። ጓንት ሳቀችብኝ። ጓንት የላቦራቶሪ ባለሙያችን ናት፤ ባዶ እጇን ያየ ሰው ስለሌለ ነው ስሙ የወጣላት። «ዶክተርዬ፣ አንቺ ወረቀቱን ያዢ፣ ጄሉን ለእኔ ተይው» አለች። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ 35

ሰባት ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ጠብ አደረግን። ጓንትና እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ ተራ በተራ አጎነበስን። ጤነኛ 1 ተነፋ። ጤነኛ 2 ተነፋ። ጤነኛ 3 ዓይኔ እያየ እጥፍ ሆነ። የታመሙት አምስቱም ንቅንቅ አላሉም። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ጤነኛ 4። ምንም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አንድ ሰዓት። ምንም። ውስጡ ደፍርሷል።

«ይሄኛው የነዚያ ወገን ነው የሚመስለው» አለች ጓንት።

«ሳህኑ ተበላሽቶ ነው» አልኩ።

«ሳህኑ?»

«አዎ፣ ሳህኑ!»

ሳህኑ ነው።

ቅዳሜ፣ 34

ሻለቃ ቁርሱን ተወው። አባዬ ጎንበስ ብሎ «ምነው ሻለቃ፣ ምግብ ቤት ቀየርክ እንዴ?» አለው። ሙቀቱ ነው አልኩት። ሙቀቱ ነው።

ሐሙስ፣ 29

አዲስ ጄል። አዲስ ምግብ። የኢንኩቤተሩን ሙቀት በሦስት ቴርሞሜትር ለካሁ፤ ሦስቱም ተስማሙ። ሁለተኛ ፈተና። 1፣ 2፣ 3 እንደ ፊኛ። 4 እንደ ድንጋይ።

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ የጎረቤት ክፍል ሰዎች ስለ እኔ ሲያወሩ ደረስኩ። «የውሻ ሐሞቷ ሴትዮ ጤነኛውም በሽተኛውም አንድ ሆኖባታል አሉ» ይላል አንዱ። ሌላው «እንግዲያ ምኑን ትለየዋለች፣ አለቀላት» ይላል። ደህና ዋላችሁ ብዬ በመካከላቸው አለፍኩ። የሐሞት ነገር እያጠናሁ ሐሞተ ቢስ አልሆንላቸውም። አላለቀልኝም።

ሰኞ፣ 25

ዛሬ ጓንትን «4ን ከታመሙት ጋር ቀላቅለሽዋል» አልኳት። ሰው ባለበት።

ፒፔቷን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እኔ ያልሽኝን ነው የጻፍኩት። ብልቃጡን ያመጣሽው አንቺ፣ ጤነኛ ያልሽው አንቺ። አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ አንድ ብልቃጥ ቀላቅዬ አላውቅም» አለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ማክሰኞ፣ 24

ይቅርታ ልጠይቃት በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ብዬ? እሷ ካልቀላቀለች ታዲያ ማን? አንድ ሰው ተሳስቷል፤ እኔ አይደለሁም። መዝገቡን ሦስት ጊዜ አየሁት። እጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ጤነኛ 4፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ፊርማው። ምን ይጎድለዋል?

ክፉ ነበርኩ። እሷን ማዋረዴ ያቃጥለኛል።

እሑድ፣ 19

ሻለቃ ማለዳ ምንጣፉ ላይ አስመለሰው። ቢጫ አረፋ። ሣር በልቶ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሲቀነጥስ አይቼዋለሁ።

አባዬ ምንጣፉን እየጠረገ «የውሻ ሐኪም ልጅ አለኝ እያልኩ በሰፈሩ እኮራለሁ። እስቲ እይልኝ» አለ።

«የሰው ውሻ ሳይ ከርሜ እሑድም የእኛን ልይ?» አልኩ፤ ለቀልድ። ሆዱን ጫን ጫን አልኩለት። ፊቱን አዞረብኝ። ሁልጊዜም ኩሩ ነው። ደህና ነው አልኩት ለአባዬ። እንደ ልማዱ ካልሲ ሊደብቅ ስላልተነሳ ተጫጭኖታል ማለት አይደለም፤ አርጅቷል እንጂ።

ረቡዕ፣ 16

ከእንግዲህ ማንም ማንንም እንዳይጠረጥር ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ሠራሁ። ጓንት ስሞቹን በሙሉ ፍቃ በፊደል ለወጠቻቸው፤ ዝርዝሩን ኪሷ ውስጥ ከተተች። የትኛው የማን እንደሆነ ሳላውቅ ለካሁ። ሦስት ተነፉ። ስድስት አልተነፉም። ወረቀቷን ስትዘረጋው ስድስተኛው እሱ ነበር። አራት።

ጓንት ከተቆጣችብኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ተቀመጠች። «ስሚ፣ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ አንድ ቃል የተናገረ ሰው ውሸታም አይባልም። ውሻውን እናስመጣው። ባለቤቱ ማነው?»

«አይገኝም» አልኩ።

«ስልክ የለውም?»

«አይገኝም አልኩሽ!»

ለምን እንደጮህኩባት አላውቅም። ራሴን አሞኛል፤ ከጠዋት ጀምሮ።

ሐሙስ፣ 15

ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። ውጤቱን በጣታቸው እየተከተሉ አዩት። «ይሄ እኮ ግሩም ሥራ ነው! ያበላሸብሽ አንዱ ብቻ ነው። አራትን አውጪው፤ አላደገም በይ። ሦስት ጤነኛ ይበቃል። ክፍልሽ ይተርፍልሻል» አሉ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ሊረዱኝ ነው።

«አድጓል እኮ። ከሁሉም በላይ ያደገው እሱ ነው» አልኩ።

«አስቢበት።»

አላስብበትም። ስላላማረኝ ብቻ አንዱን እያወጣሁ የምጥል ከሆነ፣ ያ ሳይንስ አይደለም፣ ምስር ለቀማ ነው።

እሑድ፣ 12

አሰብኩበት። አራትን ከሠንጠረዡ አወጣሁት። ሥዕሉ ያምራል፤ እንዲህ ያማረ ነገር በሕይወቴ አልሠራሁም። ጤነኞቹ ላይ፣ የታመሙት ታች፣ በመካከላቸው ሰፊ ሜዳ። አየሁት፣ አየሁት፣ ከዚያ መለስኩት። ከዚያ እንደገና አወጣሁት። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወደ ሳሎን ሄድኩ።

አባዬ አንድ የእጅ ሰዓት ይዞ ብቻውን ይስቃል። «ባለቤቱ ይዘገያል እያለ ሦስት ጊዜ አመጣው። ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ምንም የለውም። ዛሬ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ለካ የሚያስተያየው ከግድግዳ ሰዓቱ ጋር ነው፤ የሚሮጠው ግድግዳው ላይ ያለው! የአባቱ ስለሆነ ይሳሳታል ብሎ ማሰብ አይፈልግም» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጠፋብኝ። ደክሞኛል መሰለኝ። ሻለቃ ግማሽ ሳህኑን ትቷል። ነገ ብዙ ሥራ አለ።

ሐሙስ፣ 8

ከሥራ ስገባ አባዬ ሻለቃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአጉሊ መነጽሩ ዓይኑን ያያል። «ነጩ ሻይ ጠጥቷል። ነይ እስቲ» አለ።

መጣሁ። ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፣ የቀኑ ብርሃን ሳያልቅ። ዓይኑ ቢጫ። ከንፈሩን ገለጥኩ፣ ድዱም ቢጫ።

የተማሪ ቤት ጓደኛዬ ለሆነው ቀዶ ሐኪም ደወልኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አምጪው አለኝ። አውቅ ነበር እንዴ? አላውቅም ነበር። ማወቅ አልፈለግኩም ነበር።

ዓርብ፣ 7

ጨለም ባለው ክፍል ውስጥ የሻለቃ ሐሞት ከረጢት አልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ታየ። ለሁለት የተቆረጠ ሎሚ፤ መካከሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ስንጥቅ ስንጥቅ። ይህን ምስል ለተማሪዎች አስተምሬበታለሁ። «ይህን አይቶ የሚዘገይ ሐኪም ፈቃዱን ይመልስ» እላቸው ነበር።

ጤነኛ 4 መጀመሪያ ያልተነፋው ልክ የዛሬ አራት ሳምንት ነው። ሃያ ስምንት ቀን። ሦስት ጊዜ ነገረኝ፤ እኔ ግን ሳህኑን፣ ጄሉን፣ ኢንኩቤተሩን፣ ጓንትን ከሰስኩ። የሌላውን ሁሉ ስመረምር ጤነኛ የሚለውን የራሴን ጽሑፍ አንድ ቀን አልመረመርኩም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሌላ ሰው ላይ እየሳቅሁ ኖርኩ። የሰው ውሻ ላድን ስሮጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆኛለሁ።

ቀዶ ሐኪሙ ለአባዬ አልደበቀውም። «ይህ ቀዶ ጥገና ከሚሠራላቸው አምስት ውሾች አንዱ አይመለስም፣ አባቴ። ካልተሠራለት ደግሞ ይፈነዳል» አለው። አባዬ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ። የሻለቃን አንገት ማሰሪያ ፈትቶ ኪሱ ከተተው። ስለ ሐሞቱ፣ ስለ መርፌው ምንም አልነገርኩትም። ዛሬ አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ 6

እነሱ ታች ሲሠሩለት እኔ ላይ ሆኜ ዘጠኙንም አበላሁ። አራትን ከሁሉም በፊት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ደረጃውን ወጥቶ መጣ፤ ሳህን ይዟል። ከረጢቱን በቢላ ነካው። የፈሰሰ ነገር የለም፤ ጥቁር አረንጓዴ ሙጫ እንደ ቁራጭ ሳሙና ተንሸራቶ ወጣ።

«በሁለት በሦስት ቀን ይፈነዳ ነበር። ከማደንዘዣው ነቅቷል፤ የዛሬው ሌሊት ነው ክፉው» አለኝ።

ጓንት ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። «አይገኝም ያልሽኝ ባለቤት...» አለችና ተወችው። እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳት። በሰው ፊት ስላዋረድኳት በሰው ፊት እንደምደግመውም ነገርኳት። «ቀን ቆጥሬ እጠብቃለሁ» አለች።

እሑድ፣ 5

ሌሊቱን አልፏል። ውሃ ላሰ።

ለአባዬ ነገርኩት። ጥርሱን ሲነቀል ሐሞት እንደቀዳሁ፣ በእሱ ፋንታ እንደፈረምኩ፣ ከዚያ ያሳደግናቸው ሕዋሳት ለአራት ሳምንት ታሟል ሲሉኝ እንዳልሰማሁ። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ሰዓት አንድ በአንድ እያነሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። ሁሉንም እስኪጨርስ አንገቱን አላነሳም።

«ጥርሱን ነበር ያልሽኝ» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ 2

ሻለቃ በላ! ጥቂት ነው፣ ግን በላ። አባዬ ዜናውን ለሻለቃ ራሱ ነገረው፣ እኔ እንድሰማ።

ፕሮፌሰሩ ሰምተዋል። ደስ ብሏቸዋል። «ተፈታልሽ እኮ! አራትን ዝም ብለሽ ወደ ታመሙት አዙሪው። ስድስት የታመመ፣ ሦስት ጤነኛ። ቅጹን ማን ይጠይቃል?» አሉ።

ማንም አይጠይቅም፤ እውነታቸውን ነው። ክፍሉ ይተርፋል፣ እኔም እተርፋለሁ። ግን ያ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር፣ እኔ ጤነኛ ብዬ ብጽፍበትም አልተቀበለኝም። እሱ ያልዋሸውን እኔ አልዋሽም። ይዝጉት ከፈለጉ! ቆሜ ነው የሚዘጉት።

ዓርብ፣ ዛሬ

ሰባት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ። ጓንት ከኋላ ተቀምጣለች። ያመጣሁትን ሥዕል አሳየሁ፤ አራት ከጤነኞቹ ረድፍ ውስጥ፣ ታች፣ ብቻውን።

«ይህ ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ እኔ ነኝ» አልኩ። «ውሻው የአባቴ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ሐሞት ቀዳሁ፣ በእሱ ቦታ ፈረምኩ፣ ጤነኛ ብዬ ጻፍኩ። ውሻው ገና ሲሮጥ እነዚህ መታመሙን አወቁ። እኔ አላመንኳቸውም። የላቦራቶሪ ባለሙያዬ አምናቸው ነበር፤ በሰው ፊት ቀላቅለሻል አልኳት፣ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጤነኛውን ከታመመው የሚለይ ነገር አሳዪን ብላችኋል። ከእኔ ከሐኪሟ ቀድሞ ለይቷል። ከዚህ በላይ ምን ላሳያችሁ?»

አንዷ መነጽሯን አውልቃ «ይህን ባትነግሪን ኖሮ እናውቅ ነበር?» አለች።

«አታውቁም ነበር።»

አርባ ደቂቃ ውጭ አስቀመጡኝ። ከዚያ ፍርዱ መጣ። ክፍሉ ለአንድ ዓመት ይቆያል። እኔ ለአንድ ዓመት ምንም ነገር ላይ መፈረም አልችልም፤ ኃላፊዋ ጓንት ናት። ይገባኛል። ቢቆጨኝም ይገባኛል።

ስንወጣ በሩን የለኩት ሰዎች ሜትራቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። «ጠባብ ነው፣ አይገባላችሁም» አልኳቸው። ጓንት ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጄሉን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ከበረዶው ላይ ታነሺውና ወዮልሽ!» አለች።

ማክሰኞ፣ ኮሚቴው ካለፈ አራተኛ ቀን

የሻለቃ ስፌት ዛሬ ተፈታ። ሆዱ ተላጭቶ ራቁቱን የቀረ ሹም መስሏል። ቀዶ ሐኪሙን ሲያይ አጉረመረመ፤ እኔን ሲያይ ፊቱን አዞረ። በዚህኛው መብት አለው።

አባዬ ወደ ቤት ይሄዳል ስል ደረጃውን ተያያዘው፤ ሻለቃን ታቅፎ። ውሻ አይገባም ተብሎ በሩ ላይ ተጽፏል። ጓንት ተቀብላው ኮሪደሩ ላይ ይዛው ቆመች። አባዬ ገብቶ «አሳዪኝ» አለኝ። ከዚያ እሑድ ወዲህ በቀጥታ ያናገረኝ መጀመሪያው ነው።

ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኩለት። ማስተካከል አላስፈለገውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያጎነበሰ ሰው ነው። ብዙ ቆየ። የሰው ሰዓት ሲመረምር እንደሚያደርገው ትንፋሹን ይዞ።

«ይሄ ነው ሲጮኽብሽ የነበረው?»

«አዎ።»

«ስንት ቀን?»

«ሃያ ስምንት።»

ዓይኑን አላነሳም። «ትንሽ ነው እኮ» አለ።

ጓንት ሻለቃን እንደያዘች ከበሩ ላይ አዲስ ቅጽ አቀበለችው፤ ሕዋሳቱ እንዲቆዩ ከፈቀደ ብቻ ነው የሚቆዩት፣ ካልፈቀደ ዛሬውኑ ይጣላሉ። የመፈረም መብት የሌለኝ ሰው ስለሆንኩ ወደ ኋላ ተመለስኩ። አባዬ አጉሊ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ መስመር በመስመር አነበበው። የባለቤት ስም ጻፈ። ፈረመ። ያበቃ መስሎኝ ነበር። እኔ ባለፈው «የለም» ብዬ የሞላሁት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶውን ያዘና ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጻፈ።

ባለቤቱ የሚያስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ፦ ሲጮኽ ይሰማ።